ጨረሩ ቀረላት

ዛሬ የፔት ስካኑ (ካንሰሩ ያለበትን ቦታ አብርቶ የሚያሳየው ምርመራ) ውጤት መጣ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ይዟታል። እዚህ ጀርመን ከሁለት ዙር ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) በኋላ በዚህ ስካን ያዩታል፤ እጢው በደንብ ከቀነሰ የጨረር ሕክምናውን ይተዉታል።

ሐኪሟ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ያኔ ደረቷ ላይ እንደ ፍም ሲያበራ የነበረው ቦታ ጠፍቷል። «ጨረር አያስፈልጋትም» አለችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ደረት ላይ የሚሰጥ ጨረር ሴት ልጅን ስታድግ ለጡት ካንሰር ይበልጥ እንደሚያጋልጥ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም ነበር። እንድትድን ብቻ አይደለም፣ 40 ዓመት ሲሞላትም ጤነኛ እንድትሆን ነው የምፈልገው።

ኪሞው ይቀጥላል። ያ ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ልብ ሊጎዳ ስለሚችል ልቧን በአልትራሳውንድ ይከታተሉታል።

ስንወጣ «እማ፣ ሽሮ ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ አማራት! ድስቱ ተጥዷል።