ሠላሳ ዓመትና የትከሻ ሸክም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ብሎ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ንፋስ ሲነፍስ፣ ልቤ ያለ ምክንያት ተክዞ ነበር። የሐዋሳ ሐምሌ ሁልጊዜ ያስተክዘኛል እንዳልል፣ እስከ አምና ድረስ ሐምሌ ለእኔ የመዝሙር ጥናት ወር ነበር። ባጃጅ ስጠብቅ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ለ19 የገብርኤል ንግሥ ሲያጠኑ የከበሮው ድምፅ ከአዳራሹ እስከ ዋናው በር ድረስ ይሰማ ነበር። በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በሌላው አምስት ኪሎ ዱቄት ይዤ ስለ ነበር፣ ሳላስበው በጣቶቼ ፌስታሉን መታ መታ ማድረግ ጀመርኩ። ያንን ከበሮ ስንት ዓመት በአንገቴ አንጠልጥዬዋለሁ!

ባለፈው ሚያዝያ 30 ዓመት ሞላኝ። የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ የሰንበት ትምህርት ቤት አባልነትን ከ4 እስከ 30 ዓመት ስለሚወስነው የመዝሙር ልብሴን አጥቤና ተኩሼ አስረከብኩ፤ አሁን በሰበካ ጉባኤው የምግባረ ሠናይ (የበጎ አድራጎት) ክፍል ነኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ ዝም ብዬ ተቀምጬ ሳለ እትዬ ብ. «ልጄ፣ አንቺ ጉልበት አለሽ፤ የቤት ለቤት ጥየቃውን አንቺ ያዢልን» አሉኝ፤ አገልግሎቴም በዚያው ተወሰነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ 30 የሚለው ቁጥር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ጌታችን በዮርዳኖስ ሲጠመቅ፣ ዮሴፍ በፈርዖን ፊት ሲቆም፣ ዳዊት ሲነግሥ ዕድሜያቸው 30 እንደ ነበር ለሕፃናት ክፍል ደጋግሜ አስተምሬአለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ ነበር። አሁን ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 4ን ሳነብ፣ ሌዋውያን በመገናኛው ድንኳን እንዲያገለግሉ የተቆጠሩት ከ30 እስከ 50 ዓመት ያሉት መሆናቸው አስቆመኝ። እኔ ተሰናበትኩ ብዬ ባዘንኩበት ዕድሜ እነርሱ ይጀምሩ ነበር፤ ሥራቸውም በአብዛኛው መሸከም ነበር። ሙሴ ከሌዋውያኑ ወገን ለጌድሶን ልጆች 2 ሰረገላና 4 በሬ፣ ለሜራሪ ልጆች 4 ሰረገላና 8 በሬ ሲሰጥ፣ ለቀዓት ልጆች ግን ምንም አልሰጣቸውም፤ የመቅደሱን ንዋያት በትከሻቸው መሸከም ነበረባቸውና። እጅግ የተቀደሰው ነገር በሰረገላ እንዳይጫን መደረጉን እያሰብኩ ብዙ ሌሊት ቆይቻለሁ።

በክፍሉ አሮጌ መዝገብ ውስጥ ያገኘሁትን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ወጣቶች ሳለን ሌሊቱን በማኅሌት ቆመን አድረን ስንወጣ ትኩስ ዳቦና ሻይ ይጠብቀን ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። «ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ እንጂ መች ያገለግላሉ?» እያልን እናወራም ነበር፤ ይህንን ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። መዝገቡ የዳቦውን ተራ በየዓመቱና በየበዓሉ ይዞታል፤ ከሁሉ የሚበዛው ስም ዛሬ ዱቄቱን የወሰድኩላቸው የእማማ ስም ነው።

እማማ ከታቦር ተራራ ሥር ባለች አንድ ክፍል ቤት ከተኙ ወራት አልፈዋል። ዱቄቱን አስቀምጬ፣ አልጋቸውን አስተካክዬ፣ ውሃ አጠጣኋቸው፤ አቅፌ ሳስቀምጣቸው ምንም ክብደት የላቸውም። ሌዋውያኑ 50 ሲሞላቸው ከሥራው ያርፋሉ፤ ወንድሞቻቸውን መርዳት ግን አይተዉም ይላል። እማማ 50ን ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። ልሄድ ነው ብዬ ስነሣ እጄን ያዙና «ልጆቹ እያጠኑ ነው አይደል? የዘንድሮው ዳቦ ማን ጋ ደረሰ?» አሉኝ።

«እጠይቃለሁ» አልኳቸው። ከተመለስኩ በኋላ ለእትዬ ብ. ልደውል ስልኬን ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። ከዚህ በፊት ድፎ ዳቦ ጋግሬ አላውቅም፤ ለንግሡም የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ተራው የማን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ምን ይሉኝ ይሆን?