ምላጭ ሲገዛ፦ በስንት ብር ሳይሆን ለስንት ጊዜ

ባሕር ዳር ውስጥ ምላጭ ፍለጋ የሚንከራተት የለም። የሰፈር ሱቅ አለው፣ ትልቁ ገበያ አለው፣ ሱቅ በደረቴም ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ይዞት ይዞራል። የሚያሳስተን ጥያቄያችን ነው። "ርካሹ የቱ ነው?" እንላለን፤ ባለሱቁም በፍሬ ርካሹን ያቀብለናል። የምላጭ ዋጋ መቆጠር ያለበት ግን በፍሬ ሳይሆን በመላጨት ነው። 8 ብር የተገዛ ምላጭ 2 ጊዜ ላጭቶ ከዶለዶመ አንዱ መላጨት 4 ብር ወጣበት ማለት ነው። 15 ብር የተገዛው 5 ጊዜ ከላጨ ደግሞ አንዱ 3 ብር ነው። (ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ የሱቃችሁን ዋጋ ራሳችሁ አስገቡበት።) ስሌቱን ለማሳመር ብሎ የዶለዶመ ምላጭን 8 እና 9 ጊዜ መግፋት ግን ኪሳራ ነው። የተረፈው ሳንቲም ለተቆጣ ፊት ቅባት ይሄዳል።

ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ፣ ማለትም በሁለት ጎኑ የተሳለው ስስ ብረት፣ ትልቁ ጥቅሙ ለአንድ ድርጅት አለማሰሩ ነው። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለቱን መላጫ የገዛ ሰው መቀየሪያውን ከዚያው ድርጅት ሲገዛ ይኖራል። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1903 እ.ኤ.አ. ገበያ ያወጣው፣ በ1904 ደግሞ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ግን ዛሬ የማንም ሰው ነው። ምላጩ ግብፅ ይሠራ ቱርክ፣ ጃፓን ይሠራ ሕንድ ልኩ አንድ ነው፦ ቁመቱ 43፣ ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። የትኛውም ምላጭ የትኛውም መያዣ ላይ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ባይስማማችሁ የምታጡት የአንድ ፓኬት ዋጋ ብቻ ነው።

ልኩ አንድ ይሁን እንጂ ምላጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ልዩነቱ ከብረቱ፣ ከአሳሳሉና ከሽፋኑ ይመጣል። የዱሮው ምላጭ ተራ የካርቦን ብረት ነበር፤ ስለቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። የእንግሊዙ ዊልኪንሰን ሶርድ በ1962 እ.ኤ.አ. የማይዝግ ብረት ምላጭ ካወጣ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬም የካርቦን ብረት ምላጭ ይሠራል፤ ፓኬቱ ላይ "ስቴይንለስ" (የማይዝግ) የሚል ካላያችሁ ጠርጥሩ። ጣና ዳር፣ በተለይ በክረምት፣ እርጥበቱ ለእንዲህ ያለ ምላጭ አይሆንም። "ፕላቲኒየም" የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ምላጩ ከፕላቲኒየም ተሠራ ማለት አይደለም፤ ስለቱ ላይ የተቀባውን ስስ ሽፋን ነው የሚናገረው። ከሱ በላይ እንደ ቴፍሎን ያለ የሚያንሸራትት ሽፋን አለ። የአዲስ ምላጭ ልስላሴ አብዛኛው ከዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ስለ ስሞቹ አጭር አስተያየት፦ የጃፓኑ ፌዘር ስለቱ የበረታ ስለሆነ እጁ ለቀለለ፣ ጺሙ ለጠነከረ ሰው ይሆናል፤ ለጀማሪ አልመክረውም። የቱርኩ ደርቢ ለስለስ ያለ ነው፤ ስስ ጺም ላይ ያምራል፣ ድርቅ ያለ ጺም ላይ ግን ቶሎ መጎተት ይጀምራል። አረንጓዴው አስትራ መሐል ላይ የሚቀመጥ፣ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው። የግብፁ ሎርድ ከርካሾቹ ወገን ሆኖ ብዙ ፊት ላይ አያሳፍርም። እናንተ ሱቅ ያለው ሌላ ቢሆንም አትጨነቁ፣ ዋናው ፈተናው ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ካገኛችሁት 2 ወይም 3 ዓይነት አንዳንድ ባለ 5 ፍሬ ፓኬት ግዙ። መያዣውን፣ ሳሙናውንና የጺሙን ርዝመት አትቀይሩ፤ የሚቀየረው ምላጩ ብቻ ይሁን። አንድ ቀን ያደገ ጺምን ከአራት ቀን ጺም ጋር ካወዳደራችሁ ምላጩን አልፈተናችሁም። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ አንዳንዱ ስለት በመጀመሪያው ይቆነጥጥና በሁለተኛው ይለዝባል። እስከ 3 መላጨት ድረስ ያዙት፣ ቀኑን ማሸጊያው ወረቀት ላይ ጻፉ። አዲሱ ምላጭ ገና ከጅምሩ ከጎተተ መጀመሪያ አረፋውንና አያያዛችሁን አስተካክሉ፤ ከዚያው ፓኬት ሁለተኛውን ስታወጡም ከጎተተ ጥፋቱ የምላጩ ነው። ብዙ ሰው ከአንድ ምላጭ ከ3 እስከ 6 መላጨት ያገኛል፤ ጺሙ የጠነከረ 2 ወይም 3 ቢያገኝ አይግረመው። ማቆሚያውን የሚነግራችሁ ቁጥሩ ሳይሆን ስሜቱ ነው። ጉንጭ ላይ በደንብ እየሄደ አገጭና የላይኛው ከንፈር ላይ መጎተት ከጀመረ በቅቶታል።

ምላጩ ላይ የሚላከክ ጥፋት ብዙ ጊዜ የመያዣው ነው። የተለመደው መያዣ ሦስት ክፍል አለው፦ እጀታው፣ መሐል የሚገባው ሳህንና ከላይ የሚከድነው ክዳን። ክዳኑን ገልብጡት፣ ምላጩን በአጫጭሮቹ ጠርዞች ይዛችሁ ችንካሮቹ ላይ አስቀምጡ፣ ሳህኑን ደርቡና እጀታውን አጥብቁ። ከዚያ ከፊት ለፊት በብርሃን እዩት። ስለቱ በሁለቱም ጎን እኩል ካልወጣ አንዱ ወገን ይነክሳል፣ ሌላው ጭራሽ አይላጭም። እጀታውን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ምላጩን በአጫጭሮቹ ጠርዞች አስተካክሉና እንደገና አጥብቁ። አሁንም ካልተስተካከለ ሳህኑ ጠማማ ነውና ያ መያዣ ምንም ምላጭ ቢገዛለት አይድንም። ርካሽ ምላጭ እንጂ ርካሽ መያዣ አልመክርም፤ መያዣ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ነው።

ፎርጅዱን መለየት ይቻላል። የታወቀ ስም ያለው ምላጭ ብዙውን ጊዜ በውስጥ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ እንዳይንቀሳቀስ በጥቃቅን የሰም ነጠብጣብ ተይዞ ነው የሚመጣው። ጽሑፉ የተንጋደደ ወይም ፊደል የጎደለው፣ ወረቀቱ የተቀደደ፣ ስለቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ያለበት፣ ቀዳዳው ችንካሩ ላይ በግድ የሚገባ ከሆነ ተዉት። በፀሐይና በአቧራ ከሰነበተ የሱቅ በደረቴ ሳጥን ፓኬቱ ያልተከፈተውን ምረጡ።

አሁን ወደ ከርዳዳው ጺም፤ የኛ ሰው ዋና ችግር እሱ ነው። የተጠቀለለ ጠጉር ሲቆረጥ ጫፉ ይሾልና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ አንገት ላይ የምናየው እብጠትና ጥቁር ነጠብጣብ አብዛኛው ከዚህ ነው። ባለ ብዙ ስለት መላጫ ፊተኛው ስለት ጠጉሩን ስቦ ሲያወጣው ኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ተመልሶ ሲገባ መውጫ ያጣል። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ግን በአንድ ጊዜ በአንዱ ጎኑ ብቻ ስለሚላጭ ጠጉሩን ቆዳው ላይ ቆርጦ ይተወዋል። ያም ሆኖ የዶለዶመ አንድ ስለት ጠጉሩን ስለሚጎትተው ያንኑ ያደርሳል። ስለዚህ ከርዳዳ ጺም ያለው ሰው ምላጭ የሚያዘገይበት ምክንያት የለውም፤ ከሌላው ሰው አንድ መላጨት ቀድሞ ይጣለው። ቆዳውንም ወጥሮ አይያዝ። የጠጉሩን አበቃቀል በጣት ዳብሶ ይወቅ፦ ጉንጭ ላይ ወደ ታች ሆኖ አንገት ላይ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሊሆን ይችላል። በአበቃቀሉ አቅጣጫ አንዴ፣ ካስፈለገ ወደ ጎን ሌላ ጊዜ፤ በተቃራኒው መላጨት ይቅርበት። ሽፍታው መግል ከቋጠረ ምላጩን ለሳምንታት አቁሞ በማሽን አሳጥሮ መተው፣ ካልተሻለውም ሐኪም ማየት ነው።

ጠጉሩ ውሃ ካልጠገበ የትኛውም ምላጭ ቶሎ ይሞታል። ብረት በጠጉር ይሸነፋል ወይ የሚል ካለ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምላጭ ሲላጭ በማይክሮስኮፕ ተከታትለው ጠጉሩ እየታጠፈ የስለቱን ጠርዝ እንደሚሸርፈው አሳይተዋል። ለብ ያለ ውሃ ለ3 ደቂቃ ፊት ላይ ማዋል፣ ወይም ከታጠቡ በኋላ ወዲያው መላጨት ጠጉሩን ያለሰልሰዋል። ውሃ በጠፋበት ቀን አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጆግ፣ ከሥር ሰፋ ያለ ሳፋ ካለ ይበቃል። ዘጌና ደሴቶቹ አካባቢ ያላችሁ ግን ከጣና እንደተቀዳ አትጠቀሙበት። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል በጤነኛ ቆዳም ይገባል። ውሃውን አፍልታችሁ አብርዱት፣ ወይም በንጹሕ ጀሪካን ለ2 ቀን አቆዩት። የጉድጓድ ውሃ ከሳሙና ጋር አረፋ አላወጣ ካለ የዝናብ ውሃ ያወጣል፤ በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን፣ መጀመሪያ ጣሪያውን ያጠበውን ደፍታችሁ፣ መጠቀም ይቻላል።

የልብስ ሳሙና ለፊት አይሆንም። በቱቦ የሚሸጥ የመላጫ ክሬም የሽምብራ ፍሬ ያህል ለአንድ ቀን በቂ ነው። ብሩሹን አርጥቡ፣ ውሃውን አራግፉ፣ ክሬሙን እያሽከረከራችሁ ምቱ፣ ደረቅ ሲል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ጨምሩ። የተፈለገው አረፋ እንደ እርጎ የሚያብለጨልጭ ነው። ተንፍቶ ነጭ በነጭ የሆነው አየር ብቻ ስለሆነ ፊት ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ምላጩም ደረቅ ቆዳ ላይ ይፋቃል።

የክዳኑን ጫፍ ጉንጭ ላይ አሳርፋችሁ እጀታውን ከፊታችሁ ወደ ውጭ ቀጥ አድርጉት፤ ከዚያ ስለቱ ጠጉር እስኪይዝ ቀስ እያላችሁ እጀታውን ወደ ታች አውርዱ። ያኔ ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አትጫኑ፣ የመያዣው ክብደት ራሱ ይበቃል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እየሄዳችሁ እጠቡ፣ ሁለቱንም ጎን በየተራ ተጠቀሙ። ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ነው። ሎሚ መቀባት የሚወዱ አሉ፤ ሎሚ የነካው ቆዳ የባሕር ዳር ፀሐይ ካገኘው ተቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊያወጣ ስለሚችል ይቅር።

ምላጩን በፎጣ አትጥረጉ፤ ስለቱንም ሽፋኑንም ይጎዳል። አጥቡት፣ አራግፉት፣ እጀታውን ላላ አድርጉና ከመታጠቢያ ክፍል አውጥታችሁ አየር በሚያገኝበት አድርቁ። እርሳስ የተቀረጸበት ወይም ስፌት የተፈታበት ምላጭ ወደ ፊት አይመለስም።

ምላጭ አይዋዋሱትም፣ ለወንድምም ቢሆን። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፤ የደረቀ ምላጭ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ንጹሕ አይደለም። ጸጉር ቤትም ምላጩ ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ ካላያችሁ "ቀይርልኝ" ማለት ነውር የለውም።

ያገለገለውን ፌስታል ውስጥ አትጣሉ። ፌስታሉ ይቀደድና የቆሻሻ ሰብሳቢውን እጅ ይቆርጣል፤ ጎርፍ ወደ ሐይቁ ዳር ከወሰደው ደግሞ ደንገል የሚያጭደው ሰው በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ከነክዳኑ ያለ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውሰዱ፣ ክዳኑ ላይ ምላጭ ብቻ የምታስገባ ስንጥቅ አውጡ፣ ጠርዙን በፕላስተር ዙሩት፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ሲሞላ ስንጥቁንም በፕላስተር አሽጉና ላዩ ላይ "ምላጭ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ለሰብሳቢውም በቃል ንገሩት።