ሦስት እግር፣ አንድ ዳሌ

ኅዳር ላይ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቡቺ ከውጭ ሲመለስ ደረጃውን በሩጫ ነበር የሚወጣው። የዛን ዕለት ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀጥ አለ። ዞሮ አየኝ። ወደ ላይ አየ። ከዛ ቁጭ አለ።

"ምነው፣ ሰነፍክ?" አልኩት።

አልሰነፈም። አቅፌ አወጣሁት። 76 ፓውንድ የሚመዝን ውሻ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ምን እንደሚመስል ወገቤን ጠይቁት።

ቡቺ ያለው ሦስት እግር ነው። ግራ የኋላ እግሩ የለም። ከሼልተር፣ ባለቤት ከሌላቸው እንስሳት ማቆያ፣ ስናመጣው ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መኪና ገጭቶት እግሩ እንደተቆረጠ ነገሩን። አሁን ስድስት ሞልቶታል። ከወላጆቹ አንዱ ጀርመን ሸፐርድ ሳይሆን አይቀርም፤ ጆሮውና ተጠራጣሪነቱ ይመሰክራሉ። አራት ዓመት ሙሉ መንገደኛው "ውይ ሲያሳዝን!" ሲለው፣ እሱ የመንገደኛውን ውሻ ኳስ ነጥቆ ይሮጣል። እኛም ሦስት እግር መሆኑን ረስተነው ነበር።

ውሻ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የፊት እግሮቹ፣ 40 በመቶውን የኋላዎቹ ይሸከማሉ። ቡቺ ከኋላው ድርሻ የተወሰነውን ወደ ፊት ቢገፋም፣ የቀረው በሙሉ የሚያርፈው በአንዲት እግር ላይ ነው። ራጅ ሲነሳ የታመመችውም እሷው ሆና ተገኘች።

እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ሐኪሙ ያለኝን እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ዳሌ ማለት ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭኑ አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ ዳሌው ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ብሎ ይዞራል። የቡቺ ሙቀጫ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጥልቀት የለውም። ዘነዘናው እየተንሸራተተ፣ እየተፋጨ፣ መሐል ላይ ያለው ልስላሴ አለቀ። አሁን አጥንት ከአጥንት ነው። በዘር የሚመጣ ችግር ነው፤ ጀርመን ሸፐርድና ላብራዶር ላይ የተለመደ ነው።

"ታዲያ ሙቀጫው ይቀየራ" አለች እማዬ። ቀልዷን ነበር።

የመጀመሪያው ሐኪም ያቀረበልን ሌላ ነው። የጭኑን አጥንት ክብ ራስ ቆርጦ ማውጣት። በቦታው ምንም አይገባም። ጡንቻውና ጠባሳው አጥንቱን አቅፈው የውሸት መገጣጠሚያ ይሠራሉ። የሚፋጭ ነገር ከሌለ ሕመሙም ይቀራል ነው ሐሳቡ። ዋጋው 3,200 ዶላር። ብዙ ጊዜ ይሳካል አለኝ። እኔ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ጠያቂ ናት፤ አንዳንዴ ያናድደኛል። "ብዙ ጊዜ ይሳካል ያልከው በምን ዓይነት ውሻ ላይ ነው?" አለችው። ሰውየው ትንሽ አሰበ። ትንንሽ ውሾች ላይ በጣም ጥሩ ነው፣ ትልልቆቹም ላይ ይሠራል አለ። "ሌላኛው የኋላ እግር የሌለው ውሻስ?" እሱ ላይ እጁ አልተፍታታም ነበር፤ ይሄንንም ሳይደብቅ ነገረን። አከበርኩት። እስክሪብቶውን ግን አስቀመጥኩት።

አጥንት ላይ ብቻ ወደምትሠራ ሰርጀን ሄድን። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ገርሞኛል። ራጁን እንኳን አላየችም። ቡቺን አቁማ ሆዱን በአንድ እጇ ደገፈችው። የኋላ እግሩን መዳፍ ገልብጣ ጀርባውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ጠበቀች። ቡቺ ወዲያው መዳፉን መልሶ አስተካከለው። "ጥሩ" አለች። ደገመችው። አሁንም አስተካከለ። ለካ ጀርመን ሸፐርዶች ከዳሌ ሌላ የኅብለ ሰረሰር በሽታም ያጠቃቸዋል፤ ያ ቢሆን ኖሮ መዳፉ ተገልብጦ ይቀር ነበር፣ የዳሌ ኦፕራሲዮንም ምንም አይፈይድለትም ነበር። ቀጥላ ጉልበቱን ፈተሸች። የጉልበት ጅማት የተበጠሰበት ውሻ የዳሌ ሕመምተኛ ይመስላል አለችን። የፊት እግሮቹን ክርንም አየች፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሸክሙ እነሱ ላይ ነውና። ይሄ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ያቺ ሃያ ደቂቃ ባትኖር ኖሮ የተሳሳተ መገጣጠሚያ አስቀድደን ልንመለስ እንችል ነበር።

ከዛ ቁጭ ብላ ሁለተኛውን አማራጭ ነገረችን። ያረጀውን ዘነዘናም ሙቀጫም አውጥቶ በብረትና በፕላስቲክ መተካት። ልክ እንደ ሰው። (እማዬ ለካ ያለ ነገር አልተናገረችም።) ዋጋው 8,400 ዶላር። ሊወልቅ ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊገባበት ይችላል፣ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደግሞም የኋላ እግሩ አንድ ብቻ የሆነ ውሻ እግሩን ወደ መሐል አስገብቶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ጎድጓዳው ክፍል የሚገባበት አቅጣጫ ለሱ መስተካከል አለበት።

ባለቤቴ አሁንም ጠየቀች። "ካልተሳካስ?"

ውሳኔያችንን የቀየረው የዚህ መልስ ነው። ሰው ሠራሹ ዳሌ ቢበላሽ፣ ብረቱን አውጥቶ ወደ መጀመሪያው ሐኪም አማራጭ መውረድ ይቻላል። ደስ አይልም፤ ግን መውረጃ አለው። አጥንቱ አስቀድሞ ከተቆረጠ ግን ተመልሶ ሰው ሠራሽ ዳሌ መግጠም በጣም ከባድ ነው። ለሌላ ውሻ የመጨረሻው መጨረሻ እግሩን መቁረጥ ነው፤ ቡቺ ያንን መውረጃ አስቀድሞ ተጠቅሞበታል። እኔ እስከዛ ሰዓት ድረስ ርካሽና ውድ ነበር የማወዳድረው። ለካ መወዳደር የነበረበት የትኛው በር የትኛውን ይዘጋል የሚለው ነው።

ግን ሰርጀኗ ቀጠሮ አልሰጠችንም። "መጀመሪያ ይክሳ" አለች።

እዚህ ላይ ቤተሰባችን ውስጥ ያለ ምስጢር ወጣ። እማዬ የገና ጾም ላይ ነበረች። እሷ ሥጋ አትበላም፤ እኛ የምንሰጣትን ግን እምቢ አትልም። በጠረጴዛው ሥር ወደ ቡቺ ነበር የሚሄደው። "እኔ ብጾም እሱ ምን በወጣው?" አለች ስንይዛት። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን "ውሻ ቤት ውስጥ!" ብላ ሦስት ቀን ያኮረፈች ሴት ናት።

ሰርጀኗ ስለ አንድ ጥናት ነግራን ነበር፤ እኔም በኋላ አነበብኩት። የውሻ ምግብ አምራቹ የፒዩሪና ተመራማሪዎች 48 የላብራዶር ቡችሎችን ከሁለት ከፍለው ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሉ። ግማሾቹ ከወንድም እህቶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ በሉ። ትንሽ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨመሩ፤ የዳሌ ሕመሙም ዘግይቶ፣ ቀሎ መጣባቸው። ውጤቱ የታተመው በ2002 ነው። ይሄን ለእማዬ ስተረጉምላት በጥሞና ሰማችኝና፣ "ታዲያ ጾም ነው ያዘዙለት በለኛ!" አለች። ከዛን ቀን ወዲያ ከሷ የባሰ ጠባቂ አልተገኘም። ልጄ ብስኩት ልትወረውርለት ስትል "ተይ፣ ጾም ነው!" ብላ ትጮኻለች።

በመጋቢት 66 ፓውንድ ደረሰ። ካርፕሮፌን የሚባል የውሻ ማስታገሻ ታዘዘለት፤ ጉበቱንና ኩላሊቱን ለማየት ደሙ እየተመረመረ ነው የሚወስደው። በነገራችን ላይ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጡ። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። እኔ አንድ ሌሊት ሲያቃስት ሰምቼ ኪኒኑን እጄ ላይ አድርጌ ነበር፤ ባለቤቴ ናት የደረሰችብኝ።

ለውጥ መጣ፣ ግን አልበቃም። ይሄን ማለት የቻልኩት ደብተር ስለያዝን ነው። ፍሪጅ ላይ አንጠልጥለን በየቀኑ ሁለት ነገር ብቻ እንጽፋለን፤ ጠዋት ለመነሳት ስንት ጊዜ ሞከረ፣ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ስንት ጊዜ ተቀመጠ። ጥር ላይ አራት፣ አምስት ጊዜ ይሞክር ነበር። መጋቢት ላይ ሁለት። ብርድ ሲሆን ተመልሶ አምስት። ደብተሩ ባይኖር እኔ ደህና የዋለበትን ቀን አስታውሼ "ተሽሎታል" እል ነበር፤ ባለቤቴ ክፉውን ቀን አስታውሳ ትጣላኝ ነበር። አንድ ቀን ልጄ በራሷ እጅ ጻፈችበት፦ "ከትምህርት ቤት ስመጣ አልተነሳም። ጭራው ብቻ ወለሉን መታ።"

ያን ማታ ወሰንን።

ብሩስ? የቤት እንስሳ ኢንሹራንስ አስቀድሞ የታወቀ ሕመም አይሸፍንም። ያለን እቁብ ነው። ሃያ ሰዎች ነን፣ በወር 500 ዶላር፤ ዕጣዬ አልወጣም ነበር። ለእቁባችን ዳኛ ደወልኩ። ጋሼ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቃላቸው የከበረ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ቸግሮኝ ነው፣ ቢቀደምልኝ" አልኳቸው። "ምን ገጠመህ ልጄ?" አሉኝ። አፌ ላይ የመጣው "መኪናዬ ሞተሩ ተበላሸ" የሚል ነው።

ለምን ዋሸሁ? በየወሩ አገር ቤት ብር እልካለሁ። የሚታከም ሰው አለ፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው አለ። እማዬ ዋጋውን የሰማች ቀን በልቧ ወደ ብር መነዘረችውና ረጅም ዝም አለች። ከዝምታዋ በኋላ የተናገረችው "አንዴ ቤታችሁ አስገብታችሁታል" ብቻ ነው። ጥፋቱ ይቅር የተባለልኝ መሰለኝ። ግን ለሰው ለመናገር አልደፈርኩም። አሁንም ቢሆን ትክክለኛ መልስ አለኝ አልልም። ለአገር ቤት የምልከው አንድም ወር አልተቋረጠም፤ እኛ በጋ ላይ የትም አልሄድንም። በዛ ነው ከኅሊናዬ ጋር የታረቅኩት።

ቀጠሮው ሚያዝያ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ጆሮው ውስጥ ኢንፌክሽን ተገኘና ተሰረዘ። በደም ዞሮ አዲሱ ብረት ላይ ሊያርፍ ይችላል አሉን። ተናደድኩ፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ብትችሉ ጆሮውን፣ ጥርሱንና ቆዳውን ከአንድ ወር በፊት አሳዩ። ግንቦት ላይ ተሠራለት።

ስለ ኦፕራሲዮኑ የምናገረው የለኝም። አስረከብን፣ ጠበቅን፣ ተደወለ። ሥራው ከዛ በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት መሮጥ የለ፣ መዝለል የለ፣ ደረጃ የለ። አራት እግር ያለው ውሻ አዲሱን እግር እያሳረፈ በሌላው ይቆማል። ቡቺ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያችኑ የተቀደደችውን መርገጥ ነበረበት። በሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፌ ጫፍና ጫፉን ይዤ ክብደቱን እወስድለታለሁ። እሱ በሦስት እግሩ፣ እኔ በሁለት፣ እየተደጋገፍን እስከ ዛፏ። ጎረቤት በረንዳ ላይ ቆሞ ያጨበጭብልናል። ሌሊት ሳሎን ወለል ላይ አብሬው ተኛሁ። ደረጃውን ለሁለት ሰው ነበር የምንሸከመው፤ ምድር ቤት ለሦስት ወር መከራየትን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

አንድ ስህተት ሠራሁ። ሳሎኑን በሙሉ የማያንሸራትት ምንጣፍ አለበስኩት። ወጥ ቤቱን ተውኩት፤ እዛ አይገባም ብዬ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እማዬ ቡና እየቆላች ልጄ የወጥ ቤቱን መግቢያ የምናጥርበትን በር ሳትዘጋ ወጣች። ቡቺ የቡናውን ሽታ ተከትሎ ገባ። ሴራሚኩ ላይ እግሩ ከሥሩ ሸሸ። የሰማሁትን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም፤ ጥፍር ወለል ሲቧጥጥ። እማዬ መቁያውን ጥላ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አቅፋዋለች። ቡናው አሯል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ራጅ ተነሳ። አልወለቀም። 400 ዶላር እና የአንድ ቀን ዕድሜ ከፈልኩ። ያኑ ዕለት ወጥ ቤቱም ምንጣፍ ለበሰ፣ መታጠቢያ ቤቱም።

ነሐሴ ላይ የመጨረሻው ራጅ "በቦታው ነው" አለ። ደብተሩ ላይ መጻፍ አቁመናል፤ ጠዋት በአንድ ሙከራ ይነሳል። ደረጃውን ይወጣል፤ በሩጫ ግን አንፈቅድለትም።

ባለፈው እሑድ ፓርክ ውስጥ ከጋሼ ጋር ተገጣጠምን። ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ቡቺ ኳሷን ነጥቆ በጎናቸው እልፍ አለ፤ የተላጨው ዳሌው ላይ ፀጉሩ ገና አጭር ነው፣ ጠባሳው ይታያል። ጋሼ ጠባሳውን አዩ። እኔን አዩ።

"መኪናህ ይሄ ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"አንድ ጎማ ይጎድለዋል" አሉና ኳሱን ለማስመለስ ተከተሉት።