የትንሿ ማጫወቻዬ ቻርጅ

ማክሰኞ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ

መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት ሊሆነው ነው። ይህን በሻማ ስጽፍ ትንሿ የሙዚቃ ማጫወቻዬ ከፓወር ባንኩ ጋር ተያይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ እስከ ሜክሲኮ የሚያደርሰኝን አውቶቡስ መሳፈር አለብኝ፤ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ያለ እሷ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ።

ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼያት አድሬ ጠዋት ባያት ገና ሩብ ያህል ይቀራት ነበር። ፓወር ባንኩ ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ነገሩን ሳጣራ ግን ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች ስልክ ታስቦ የተሠሩ በመሆናቸው፣ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ሲያንስ «የተሰካ ነገር የለም» ብለው ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ተረዳሁ። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ 4.2 ቮልት ገደማ ሲደርስ የሚቀበለውን ኤሌክትሪክ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባትሪው ከመጀመሪያውም ትንሽ ከሆነ ያ የመጨረሻው ጠብታ ለፓወር ባንኩ ከምንም አይቆጠርም። መፍትሔው አሳፋሪ በሆነ መጠን ቀላል ነው፤ በሁለተኛው ቀዳዳ ስልኬን አብሬ እሰካለሁ፣ ስልኩ እስካልሞላ ድረስ ፓወር ባንኩ አይተኛም።

በላዩ የአቅሙ ልክ ተብሎ የተጻፈው 10000 ሚሊ አምፒር ሰዓትም ቢሆን እንደ ቃሉ የሚወሰድ አይደለም። ቁጥሩ የተሰላው በውስጡ ባሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ሲሆን፣ በገመዱ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ስለሆነ ምንም ሳይባክን እንኳ 7400 ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው አለ። ስለዚህ 5000 የሚይዘውን ስልኬን ሁለት ጊዜ አይሞላም። ባትሪዋ 300 ብቻ የሆነችውን ማጫወቻዬን ግን ከሃያ ጊዜ በላይ ይሞላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ከስልክ የተለየች ማጫወቻ መያዝ ቅንጦት አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ሙቀቱ በውስጡ የቀረችውን ኃይል ለጥቂት ጊዜ ስለሚያነቃቃት የምሽቱ ዜና ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ እየሰለለ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ዎክማን፣ የሶኒ የካሴት ማጫወቻም፣ በሁለት ድንጋይ ነበር የሚሠራው፤ ሲያልቅ ልጅ ሱቅ ልኮ ማስገዛት ብቻ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ባትሪው እየቀለለና እየሳሳ መጣ፤ እየቆየም በብዙ ማጫወቻዎች ውስጥ ታሽጎ ቀረ።

ከዚህችኛዋ በፊት የነበረችኝን ማጫወቻ ያጣኋት እንዲህ ነው። ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ሥር ካለው ሶኬት ላይ እሰካትና ቅዳሜና እሁድን እዚያው ትውል ነበር፤ ሙሉ እንደሆነች፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እየመታት። የሊቲየም ባትሪን ሙሉ ከመሆንና ከመሞቅ የበለጠ የሚያስረጀው ነገር እንደሌለ ያኔ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ባትሪው አብጦ የጀርባ ሽፋኗን ገፍቶ ከፈተው። ይዣት የሄድኩበት ጠጋኝ ገና ሲያያት እጁን ሰበሰበ፤ ያበጠ ባትሪ ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላልና አልፈረድኩበትም።

ታች ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሼ በበኩላቸው ያለፈውን ሰምተው መክረውኛል። «ልጄ፣ ጭልጥ ብሎ ሳያልቅ ከሰካኸው እኮ ባትሪው ይለምድብሃል» አሉኝ። አባባላቸው ኒኬል ካድሚየም በሚባሉት የድሮ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ዘመን እውነት ነበር። ሊቲየም ግን አይለምድም፤ እንዲያውም የሚጎዳው ጭልጥ ማለቱ ነው። «እሺ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። አሁን ግን በባትሪ ምልክቷ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሲቀር እሰካታለሁ፣ ከአራቱ መስመሮች ሦስቱ ሲሞሉ እነቅላታለሁ፣ ለረጅም ጊዜ የማልጠቀምባት ከሆነ ደግሞ ግማሽ ላይ ትቼ ጥላ ውስጥ አስቀምጣታለሁ።

የቢሮ ባልደረባዬ አንድ ቀጭን ድንጋይ ብቻ የምትበላ አሮጌ ማጫወቻ አላት፤ እውነቱን ለመናገር እቀናባታለሁ። ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ስለምታስገባባት፣ የእሱም ቮልት እንደ ተራው ድንጋይ 1.5 ሳይሆን 1.2 በመሆኑ፣ ማጫወቻዋ ገና ከጅምሩ «ግማሽ ነኝ» እያለች ታስፈራራታለች እንጂ ሳትቸገር ትውላለች። ካለቀም ቦርሳዋ ውስጥ ሌላ ድንጋይ አለ።

እኔ ያንን ባላገኝም ያለኝን ማራዘም ተምሬአለሁ። ብሉቱዙን አጥፍቼ ባለ ገመድ ኢርፎን እጠቀማለሁ፤ ዘፈኖቹን ማታውኑ በተርታ ስለማዘጋጅ መንገድ ላይ ስክሪኑን የማበራበት ምክንያት የለም፤ ድምፁንም ቀነስ አደርጋለሁ፣ ምንም እንኳ ይኸኛው ከባትሪው ይልቅ ለጆሮዬ ቢሆንም።

ሦስተኛው መስመር አሁን ሞላ። እሷን ነቅዬ ስልኩን ብቻውን ተውኩት።