ሙሴ ቅድመ አያቴን ፍለጋ ኬፋሎኒያ

የግሪኳ ደሴት ኬፋሎኒያ ዋና ከተማ አርጎስቶሊ የገባሁ ዕለት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ክፍሌ ከመጠጥ ቤት በላይ ነው፤ ሙዚቃው የቆመው ሊነጋ ሲል። ከወደቡ ያመጣኝ ባለታክሲም ያሻውን ጠርቶ ተቀብሎኛል። ድሬዳዋ ቢሆን ባጃጁን ትቼ በእግሬ እሄድ ነበር። ፖሮስ ከሚባለው ወደብ እስከ ከተማው ግን ተራራ ነው።

በቤታችን ሲነገር የኖረው ይህ ነው። ቅድመ አያቴ ከዚህ ደሴት የጅቡቲን ባቡር ሥራ ተከትሎ ድሬዳዋ መጣ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚራ ላይ ቤት ያዘ፣ ከእኛው ሰው አገባ፣ ሰፈሩም ፈረንጅ በሚጠራበት ወግ «ሙሴ ጌራሲሞስ» አለው። በእጃችን የቀረው የአባቱ ስምና አንድ የመንደር ስም ነው።

መዝገብ ቤት ለመግባት መጠበቅ ነበረብኝ። ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ነው፤ መላ ግሪክ ይዘጋል። በማግስቱ ደግሞ የደሴቲቱ ጠባቂ የቅዱስ ጌራሲሞስ በዓል ነው። ኦማላ ወደሚገኘው ገዳሙ ሄድኩ። የቅዱሱን አካል ተሸክመው ሲወጡ ሕመምተኞች መንገዱ ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ፤ በላያቸው ያልፋል። ዕንባዬ መጣ። ነጠላ ለብሼ ስለነበር አንዲት አሮጊት ጥለቱን እየዳበሱ ከየት እንደመጣሁ በምልክት ጠየቁኝ። ከዚያ ሻማ ገዝተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። የታክሲው ነገር ያን ጊዜ ወጣልኝ።

ችግሩ የገባኝም እዚያው ነው። በዚህ ደሴት «ጌራሲሞስ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንቱ ወንድ እንደሚዞርለት እንጃ። የቤተሰብ ስሙም አብዛኛው «አቶስ» ብሎ ነው የሚያልቀው።

የግሪክ መንግሥት ቤተ መዛግብት በ1914 የተቋቋመ ነው፤ አርጎስቶሊም ቅርንጫፍ አለው። ባለሙያዋ ጉዳዬን ሰምታ የጠየቀችኝ የአባቱን ስምና መንደሩን ነው። ደስ አለኝ። እኛም ሰው የምንለየው በአባቱ ስም አይደል?

የልደት ምስክር ወረቀት አትጠብቂ አለችኝ። ወሳኝ ኩነት በአገሪቱ በወጉ መመዝገብ የጀመረው ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ የመንደራችን ግን በ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጠፍቷል። ያ መንቀጥቀጥ ከሰሜኑ ጫፍ በስተቀር ደሴቲቱን አፍርሷታል። የቀረልኝ የወንዶች መዝገብ ነው፤ ለውትድርና ሲባል ወንዱን ሁሉ በትውልድ ዓመቱ የሚጽፉበት።

ትልቅ መዝገብ ነው፣ ጠርዙ የተበላ፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ዞሯል። ተራ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም፣ ስም፣ የአባት ስም፣ ዓመት። በዚያው መንደር ሦስት ጌራሲሞስ አገኘን። የአንዱ አባት ስም አያቴ ሲሉት የሰማሁት ነው። 1878። ጮክ ብዬ «እሱ ነው!» አልኩ፤ ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ቀና ብለው ሳቁ። ጥቂት ገጾች አልፈን ደግሞ የዚያው አባት ልጅ፣ ወንድሙ፣ ተገኘ።

እህቶቹስ? ሴት እዚህ መዝገብ ውስጥ የለችም። ይህ አናደደኝ። ሴቶቹን የምትፈልጊው የውል አዋዋዮች ወረቀት ውስጥ፣ በጥሎሽ ውል ላይ ነው አለችኝ፤ ስንት ወይራ፣ ስንት አንሶላ ይዛ እንደተዳረች እዚያ ይገኛል። ቀኖቹን ማስላት ግን አልከበደኝም። ግሪክ እስከ 1923 በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች፤ ሁለት አቆጣጠር ይዞ ላደገ ሰው ምን አላት።

የወንድምየው ዘሮች ያሉት በማዘጋጃ ቤቱ የቤተሰብ መዝገብ ላይ ነው። እዚያ ግን ዝምድናዬን በሰነድ እንዳሳይ ተጠየቅሁ፤ የአያቴ ልደት፣ የእናቴ፣ የእኔ፣ ሁሉም ወደ ግሪክኛ ተተርጉሞ። በዚያው ምሽት ድሬዳዋ አክስቴ ጋ ደወልኩ። የአያቴ የክርስትና ወረቀት ሳጥናቸው ውስጥ አለ። ሰኞ ቀበሌ ሊሄዱልኝ ነው።