ከትሬለር ወርጄ የቀመስኳቸው በርገሮች

የዳላስ ሀበሻ ዋታበርገር ሲነካበት ይቆጣል። የሎስ አንጀለሱ ከኢን ኤን አውት በቀር በርገር ያለ አይመስለውም። የሲያትሉ ዲክስን ያነሳል። እኛ ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያለነው ደግሞ ፋይቭ ጋይስ የተወለደው እዚሁ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም። ሁሉም የሚያሞግሰው አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ ያጎረሰውን ቤት ነው።

እኔ ትሬለር ነጂ ነኝ። ቤቴ ሜሪላንድ ነው፣ ምሳዬ ግን ሎዱ፣ ማለትም ጭነቱ፣ ያደረሰኝ ቦታ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይመርጠኝ ራሴን ዳኛ አድርጌ ሾምኩ። ማክዶናልድስና በርገር ኪንግ ውድድሩ ውስጥ የሉም፤ የትም ብትሄዱ አንድ ናቸው። የፈለግኩት በአንድ አካባቢ ተወልደው የዚያ አካባቢ ሰው «የኛ» የሚላቸውን ነው።

ዝም ብሎ መብላትና ማወዳደር ይለያያሉ። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። በየቤቱ መጀመሪያ የማዝዘው አንድ ዓይነት ነው፦ ሁለት ሥጋ ያለው፣ ቺዝ የገባበት፣ ቤቱ ራሱ እንደሚሠራው። ይቀነስ ይጨመር የለም። «ያለ ሽንኩርት፣ ሶስ በዛ አድርግበት» ካልኩ የእነሱን እጅ አልቀመስኩም። ቤከን ብቻ አይገባም፤ አሳማ አልበላም። እንደ ልቤ የማሳምረው ሌላ ጊዜ ስመለስ ነው።

የምበላውም እዚያው ነው። በርገር በወረቀት ከረጢት ታስሮ ሩብ ሰዓት ከቆየ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል። ዳቦው ይላላል፣ ቺዙ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ በከረጢቱ ላይ እንጂ በበርገሩ ላይ አይደለም።

በጣም ርቦኝም አልዳኝም። ሕጉ በአንድ ፈረቃ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅድልናል። ያን ጨርሶ ለወረደ ሰው ደረቅ ዳቦም ይጣፍጠዋል። ስለዚህ ቀደም ብዬ ቀለል ያለ ነገር ቀምሼ ነው የምገባው። ኮካ የለም፣ ውኃ ብቻ። ፍራይሱ ደግሞ ለብቻው ነው የሚታየው፤ ጥሩ ፍራይስ የቀሽም በርገርን ጉድ ይሸፍናል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ማቆሚያ ነው። 53 ጫማ ትሬለር ይዞ ድራይቭ ስሩ፣ ከመኪና ሳይወርዱ የሚገዛበት መስመር፣ መግባት አይታሰብም። የኢን ኤን አውት ፓርኪንግማ በትናንሽ መኪና ወረፋ ብቻ ሞልቶ ነው የሚገኘው። የማደርገው ትሬለሩን ደንበኛው ግቢ ፈትቼ በመኪናው ብቻ፣ እኛ ቦብቴል እንደምንለው፣ መሄድ ነው። ካልሆነም ትራክ ስቶፕ አቁሜ በእግሬ። መንገዱን ቀድሞ በሳተላይት ካርታ ማየት ብዙ ጣጣ ያስቀራል፤ ሃይዌይ ዳር የእግረኛ መንገድ የሌለው ቦታ ብዙ ነው። ቴክሳስ ላይ ግን ተመስገን ነው። ዋታበርገር ከሃይዌዩ ብዙ አይርቅም፣ አብዛኛውም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ረቡዕና ዓርብስ? በጾም ቀን የሚቀመሰው ፍራይስ ብቻ ነው፣ እሱም ተጠይቆ። ብዙ ሰው «ድንች ምን አለበት» ብሎ ይበላል። የአሜሪካው ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ1990 ከከብት ሞራ ወደ አትክልት ዘይት ዞሯል። ነገር ግን ፍራይሱ ላይ ወተት ያለበት የሥጋ ማጣፈጫ አለው። በዚህ የተነሳ ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ከሰውት በ2002 በ10 ሚሊዮን ዶላር ታርቋል። ፋይቭ ጋይስ ድንቹን የሚጠብሰው በለውዝ ዘይት ነው፤ ኢን ኤን አውት በሱፍ ዘይት። ስቴክ ኤን ሼክ ግን በ2025 ወደ ከብት ሞራ ተመለሰና ከጾም ዝርዝሬ ወጣ። በየጊዜው ስለሚቀያይሩ መጠየቅ አያሳፍርም። አሳማ ለማይበላ ሰውም እንዲሁ፣ ቤከኑ የሚጠበሰው ሥጋው የሚጠበስበት ብረት ላይ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነው። በዚህ በኩል ኢን ኤን አውት ያሳርፋል፤ ቤከን ጭራሽ አይሸጥም።

በዕድሜ ከጀመርን ዋይት ካስል ቀዳሚ ነው። በ1921 ዊቺታ፣ ካንሳስ ላይ በ5 ሳንቲም በርገር ተነሳ። ያኔ ሰው የተፈጨ ሥጋ አያምንም ነበር፤ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል። ስለዚህ ቤቱን ነጭ በነጭ አደረጉት፣ ምጣዱንም ደንበኛው ፊት አኖሩት። አሠራሩ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። ብረቱ ላይ ሽንኩርት ይነጠፋል፣ በላዩ አራት ማዕዘን ቀጭን ሥጋ ይቀመጣል፣ በሥጋው ላይ ዳቦው። ሥጋው አምስት ቀዳዳ ስላለው የሽንኩርቱ እንፋሎት በዚያ ሽቅብ ወጥቶ ሁሉንም ያበስላል። መገልበጥ የሚባል ነገር የለም። የምትቀምሱት በመጀመሪያ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ በመጨረሻ ሥጋ ነው። አንዱ ሁለት ጉርሻ ነው፣ ስለዚህ በርከት አድርጎ ማዘዝ ነው። መኪና ውስጥ ግን አትብሉት። ሽታው ኦሃዮ ገብቶ ፔንሲልቬንያ ድረስ አብሮኝ ሄዷል። የሚገርመው የተወለደባትን ዊቺታን በ1938 ጥሎ መውጣቱ ነው፤ የዊቺታ ሰው ሲያምረው ከከተማ መውጣት አለበት።

ደቡብ ላይ ክሪስታል አለ፣ በ1932 ቻታኑጋ፣ ቴነሲ የተጀመረ። እሱም ትንሽ አራት ማዕዘን በርገር ነው፣ ሰናፍጭ ያለበት። ዋይት ካስልን ከቀመሳችሁ ሐሳቡ ገብቷችኋል።

ኢን ኤን አውትን የምወድበት ምክንያት እንደ ሹፌር ነው ብል አትሳቁብኝ። በ1948 ሃሪና ኤስተር ስናይደር የተባሉ ባልና ሚስት ባልድዊን ፓርክ፣ ካሊፎርኒያ ከፈቱት። እስከ ዛሬ የቤተሰብ ነው፣ ፍራንቻይዝ አይሰጥም፤ ሌላ ነጋዴ በስሙ ቅርንጫፍ መክፈት አይችልም። ቅርንጫፎቹ ውስጥ የሥጋ ፍሪዘር የለም፣ ማይክሮዌቭም የለም። ይህ ማለት ሥጋው በረዶ ሳይሆን ሳይከርም ከራሳቸው ማዘጋጃ በመኪና መድረስ አለበት። ማዘጋጃ በሌለበት አገር ሱቅ አይከፈትም። ቴክሳስ ለመግባት እስከ 2011 የቆዩት ለዚህ ነው። እኛ ቀዝቃዛ ሎድ የምንጭን ሰዎች ይህ ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ እናውቃለን።

በርገሩስ? ሰላጣውና ቲማቲሙ ከሁሉም ይበልጣል፣ አሁን ከማሳ የመጣ ነው የሚመስለው። ሥጋው ቀጭን ነው። ዋጋው ለካሊፎርኒያ ኑሮ ርካሽ ነው። ፍራይሱ ላይ ግን ከአድናቂዎቹ ጋር አንስማማም። ድንቹ እዚያው ፊታችሁ ይቆረጣል፣ ትኩስ ነው፣ ግን ቶሎ ይለሰልሳል። «ዌል ደን» ብላችሁ እዘዙ፤ ጠንከር ብሎ ይመጣል። ስመለስ «አኒማል ስታይል» የሚባለውን አዘዝኩ። ሥጋው ላይ ሰናፍጭ ተቀብቶ ይጠበሳል፣ የበሰለ ሽንኩርት፣ ፒክልና ተጨማሪ ሶስ ይገባበታል። መደበኛው ላይ የጎደለኝ ነገር እዚህ ተገኘ። ሲጨርሱ የብርጭቆውን ሥር ገልብጦ ማየትም አለ፤ ዮሐንስ 3፡16 ተጽፎበታል። እናቴ ይህን ሰምታ «እንግዲያው ባርከህ ብላ» አለችኝ።

ዲክስ ላይ ብዙ አልቆይም። ሲያትል፣ 1954፣ በመስኮት የሚሸጥ፣ ርካሽ። ሜኑው አጭር ነው፣ በርገሩን እንዳሉት ነው የምትበሉት፤ «ይሄን አውጣልኝ» የሚባል የለም። ለእኔ ደንብ እንደተሠራ ቤት ነው። ሶሱ ጣፈጠኝ እንጂ ሥጋው አልገረመኝም። እኩለ ሌሊት ላይ ከጓደኛ ጋር ቆሞ ለመብላት ግን ይመቻል።

አሁን ወደ ቴክሳስ። ዋታበርገርን ሃርሞን ዶብሰን በ1950 ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ ከፈተው። ሐሳቡ በሁለት እጅ የሚያዝ በርገር መሸጥ ነበር። ዳቦው ስፋቱ 5 ኢንች ሆነ፣ ዋጋው 25 ሳንቲም። ዛሬም ዳቦው ሰፊ ነው፤ ፊት ይሸፍናል። በ2019 አብዛኛው ድርሻ ለቺካጎ ባለሀብቶች ሲሸጥ የቴክሳስ ሰው ሀዘን ተቀመጠ። የዳላስ ጓደኛዬ እስከ አሁን አልወጣለትም። «አንተ ሰው፣ ርስታችንን እኮ ነው የሸጡት» ይለኛል፣ እሱ ራሱ የመጣው ከደብረ ብርሃን ሆኖ።

የዋታበርገር ቁም ነገሩ መደበኛ ሶሱ ሰናፍጭ መሆኑ ነው። ሌሎቹ ኬቸፕና ማዮኔዝ ቀላቅለው ጣፋጭ ነገር ይቀቡበታል። የአሜሪካ በርገር ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁልጊዜ ይኸው ጣፋጭነት ነበር። ቤቴ ጥሬ ሥጋ የሚቀርበው ከአዋዜና ከሰናፍጭ ጋር ነው፤ አፍንጫ የሚመታ ነገር ከሌለበት ሥጋ የበላሁ አይመስለኝም። ቴክሳሶች ደግሞ ሃላፔኞ ይጨምሩበታል፣ ያው ቃሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የማዝዘው ተለይቶ ታወቀ፦ ድርብ ሥጋ፣ ቺዝ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ሃላፔኞ፣ ሰናፍጩ እንዳለ። ትሬለሬ ውስጥ የምይዛት ሚጥሚጣ እዚህ ቤት ተከፍታ አታውቅም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ይህን በርገር የወደድኩት ጎበዝ ስለሆነ ነው ወይስ የቤቴን ጣዕም ስላስታወሰኝ? ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ነጥብ መስጠት ጀመርኩ። አንዱ ለሥራው ነው፦ ሥጋው እንዴት ተጠበሰ፣ ዳቦው ሞቀ ወይ፣ ጨው ተመጥኗል ወይ። ሌላው ለምላሴ ነው፦ ነገ ቢሰጡኝ እበላዋለሁ ወይ። ማወዳደር ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም ደንቦቼ ይህኛውን እመክራለሁ። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ነው በየድግሱ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚከራከረው።

ሁለቱ ነጥቦች መለያየታቸውን ያሳየኝ ካልቨርስ ነው። ምንም ሳልጠብቅ ነው የገባሁት፣ ዊስኮንሲን፣ ክረምት፣ በረዶው እስከ ጉልበት። በ1984 ሶክ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ የካልቨር ቤተሰብ የጀመረው ነው። ካዘዛችሁ በኋላ ነው ሥጋው ብረት ላይ የሚወጣው። ቁጥር ይሰጧችኋል፣ ጠረጴዛ ድረስ ያመጡላችኋል። ሥጋው ብረቱ ላይ ተጨፍልቆ ዳር ዳሩ ቡናማና ኩርሽም የሚል ሆኖ ይወጣል፣ መሐሉ ግን ውኃ አለው። የላይኛው ዳቦ ቅቤ ተቀብቶ ይጠበሳል። የእኛ ንጥር ቅቤ አይደለም፣ ኮረሪማና ኮሰረት አትፈልጉበት፤ ቅቤነቱ ግን በደንብ ይታወቃል። በሥራ ነጥብ አንደኛ ነው፣ ሁለተኛውም አይቀርበውም። የወተት አገር ስለሆነ ቺዝ ከርድ የሚባለው የተጠበሰ ቺዝ፣ ካስተርድ የሚሉት ወፍራም አይስክሬምም አለ። ካስተርዱን ከበርገሩ በፊት እንዳትነኩት፤ ምላስ ይቀዘቅዝና ፍርድ ይበላሻል።

ፋይቭ ጋይስን መጨረሻ ያደረግሁት ስለማዳላለት ነው። መሬሎች የተባሉ ቤተሰቦች በ1986 አርሊንግተን ላይ ጀመሩት፣ እስከ 2003 ድረስ ከእኛ ሰፈር አልወጣም ነበር። ፍራንቻይዝ መስጠት ሲጀምር ዓለምን አዳረሰ፤ ስለዚህ የአካባቢ ቤት ነው ማለት ይከብዳል። ለጀማሪ ሁለት ነገር ልንገር። ተራው በርገር ሲባል ሁለት ሥጋ ነው፣ አንድ ሥጋ ከፈለጋችሁ «ሊትል» በሉ። ፍራይስም ትንሹን እዘዙ፤ ከጽዋው ተርፎ ከረጢቱ ውስጥ ይፈስሳል፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። እኛ አካባቢ በርገር፣ ፍራይስና መጠጥ አንድ ላይ 20 ዶላርን ያልፋል፤ በዚያ ዋጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ጥብስ በእንጀራ ይበላል። ፍራይሱ ግን በፍራይስ ነጥብ አንደኛ ነው፣ ዓርብ ቀንም ያድነኛል።

እንግዲህ መንገድ ላይ ላላችሁ። በአይ 94 ሃይዌይ ዊስኮንሲንን ካቋረጣችሁ ካልቨርስ ግቡ፣ ዓርብ ካልሆነ። በአይ 10 ሌሊት ሳን አንቶኒዮ ከደረሳችሁ ዋታበርገር፣ ከነቃሪያው። በአይ 5 ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን ስትወጡ ኬትልማን ሲቲ ላይ ኢን ኤን አውት አለ። እሁድ ከሰዓት ግን ወረፋው አይቻልም፤ ጠዋት ሲከፍቱ ድረሱ።