ከሞተሩ በፊት የሠራሁት የካርቶን ሞተር

ዛሬ ማታ የማስታወሻ ደብተሬን ስገልጥ፣ ከአራት ወር በፊት በጻፍኩት የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አገኘሁ፤ «ሞተር፦ ቪ ስምንት፣ ትልቅ» ይላል፤ ስምንት ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በቪ ቅርጽ የተሰለፉበት ሞተር ማለት ነው። ከመስመሩ በታች እየተጻፉ የተሰረዙ ቁጥሮች አሉ፤ ሁሉም የፈረስ ጉልበት ናቸው። ስለ መኪናው ስፋት፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ወይም መኪናው ተሠርቶ ሲያልቅ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ገጹን ቀድጄ ያልጣልኩት ራሴን እንድታዘብበት ነው።

ሞተሩን በሚበረታ ሌላ ለውጬ የምሠራው መኪና የ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሞዴል ኤ ፎርድ፣ ባለ ሁለት በር ኩፔ ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 3.3 ሊትር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበረው፤ ፍሬኑም በብረት ዘንግ የሚሳብ እንጂ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ አልነበረም። ሻንሲው የታሰበው ያንን 40 የፈረስ ጉልበት እንዲሸከም ነው። ስለዚህ አምስት እጥፍ የሚበረታ ሞተር በላዩ መጫን ማለት ሻንሲውን ማጠንከር፣ ፍሬኑን መለወጥና የኋላውን ዲፈረንሻል መቀየር ማለት እንደሆነ ሥራውን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ በእርሳስ ጽፌ አልደመርኩትም።

ልቤ መጀመሪያ የሄደው ፍላትሄድ ወደሚባለው የፎርድ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው ይህ ቪ ስምንት 3.6 ሊትር ሆኖ 65 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ቫልቮቹ በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ክፍል) ውስጥ ሳይሆን በጎን፣ ሲሊንደሮቹ ባሉበት ዋና አካል፣ በብሎኩ ውስጥ ስለሚቀመጡ ቴስታታው ጠፍጣፋ ክዳን ብቻ ነው፤ ስሙም፣ «ጠፍጣፋ ራስ» ማለት፣ የመጣው ከዚያ ነው። ኮፈን በሌለው መኪና ላይ ያንን ዝቅ ያለ፣ ጥርት ያለ ቅርጽ የመሰለ ነገር አላውቅም። ድምፁ ደግሞ ሌላ ነው፤ በአንድ ጎን ያሉት አራት ሲሊንደሮች ጭሳቸውን የሚያስወጡት በሦስት ቀዳዳ ስለሆነና መካከለኞቹ ሁለቱ አንዱን ቀዳዳ ስለሚጋሩ፣ ከማርሚታው የሚወጣው ጉርምርምታ ከሌላ ቪ ስምንት የማይሰማ ነው።

በሽታውም ያው የጭስ መንገድ ነው። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውጭ የሚሄደው በብሎኩ ውስጥ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ በሚዘዋወርበት ክፍል አልፎ ስለሆነ፣ አየር ላይ ሊበተን የሚችለውን ሙቀት ለውሃው ያስረክበዋል፤ ራዲያተሩም የራሱ ያልሆነ ሸክም ይሸከማል። በዚያ ላይ በቫልቭ መቀመጫና በሲሊንደር መካከል ያለው ቀጭን ብረት መሰንጠቅ ይወዳል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በማግኔትና በብረት ብናኝ ካልተመረመረ በዓይን አይታይም። ሁለት ብሎክ አየሁ። አንዱ ሲመረመር ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ የሁለተኛው ባለቤት ደግሞ «አላስመረምርም» አለኝ፤ እኔም ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

በመመለሻዬ ሳስበው ያበሳጨኝ ብሎኮቹ መበላሸታቸው አልነበረም። ፍላትሄዱን የፈለግሁት «ወጉን ለመጠበቅ» ነው እያልኩ ለራሴም ለሌላውም ስናገር ቆይቻለሁ። ነገር ግን አሮጌ መኪና ላይ ብርቱ ሞተር እየጫኑ የማፍጠኑን ወግ የጀመሩት፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ በሙሮክና በኤል ሚራዥ የደረቁ ሐይቆች ላይ የሚሽቀዳደሙት ወጣቶች፣ ይህን ሞተር የመረጡት ስላከበሩት አልነበረም፤ ከተጋጨና ከተጣለ መኪና ላይ በርካሽ የሚፈታ፣ በየቦታው የሚገኝ ሞተር ስለነበረ ነው። በ1955 ሼቭሮሌ 4.3 ሊትሩን ትንሹን ቪ ስምንት ሲያወጣ፣ ሞተሩ ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ብቻ ይዞ 162 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ከእነዚያው ሰዎች ብዙዎቹ ፍላትሄዱን ለመፍታት ብዙም አላመነቱም። እኔ ወግ እያልኩ ስጠራው የነበረው ነገር፣ ኮፈን የሌለውን መኪና ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው ምን ይለኛል የሚል ስጋት ነበር። ሞተሩን ስመርጥ የነበረው ለመኪናው ሳይሆን ለዚያ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በአእምሮ ብቻ ልሂድ ብዬ ወደ ሼቭሮሌው ዞርኩ። በ1967 የመጣው፣ በኪዩቢክ ኢንች ይዘቱ 350 የሚባለው፣ 5.7 ሊትሩ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 101.6 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 88.4 ሚሊሜትር ነው። መለዋወጫው እንደ አሸዋ የበዛ፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ስህተትን የሚታገሥ ሞተር ነው፤ ብዙ ሰው የሚመርጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለእሳት አከፋፋዩ፣ ለዲስትሪቢዩተሩ፣ የተሰጠው ቦታ ግን ከሞተሩ በስተኋላ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ከሚለየው ቆርቆሮ ጋር ሊነካካ በሚችልበት ዳር ነው። በሞዴል ኤ ላይ ይህ ማለት ወይ ያንን ቆርቆሮ ቆርጦ ወደ ውስጥ ማጎድጎድ፣ ወይ ሞተሩን ወደ ፊት ገፍቶ ከራዲያተሩ ጋር ማጣላት ነው። የመኪናዬ ቆርቆሮ ደግሞ ከዘጠና ዓመት በላይ ዝገት ያልነካው፣ ከሁሉም ክፍል የተሻለው ክፍል ነው። በእርሱ ላይ መጋዝ ማንሳት እጄ አልታዘዘልኝም።

ነገሩን በዓይን ግምት መጨረስ እንደማይቻል ሲገባኝ ካርቶንና ስስ ጣውላ አምጥቼ ሞተር ሠራሁ። የብሎኩን ርዝመትና ስፋት ብቻ ሳይሆን ጎልተው የሚወጡትን ሁሉ፣ ሞተሪኖውን፣ የዘይት ማጣሪያውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የጭስ መውጫውን፣ ከታች ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ በትክክለኛ ቦታቸውና መጠናቸው ለጠፍኩ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሞተር የሚነቀልና የሚተከል ክፍል አዘጋጀሁለት። አንድ ኪሎ የማይሞላው ይህ ሞተር ሻንሲው ላይ ሲቀመጥ ከአራት ወር ንባብ ያላገኘሁትን በአንድ ቀን ነገረኝ። የመሪው ዘንግ የግራውን የጭስ ቱቦ ምን ያህል እንደሚጠጋ፣ ኮፓው ከመሪው አግዳሚ ዘንግ በላይ ምን ያህል እንደሚቀረው፣ ማራገቢያው ከራዲያተሩ በስንት ጣት እንደሚርቅ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት የነጂውን እግር ወዴት እንደሚገፋው በዓይኔ አየሁ። በነገራችን ላይ፣ የጎረቤት ልጆች የካርቶን ሞተሩን ካዩ በኋላ መኪናው በምን እንደሚሄድ አልጠየቁኝም፤ እንደማይሄድ ወስነዋል።

ዘመናዊው ኤልኤስ የሚባለው የሼቭሮሌ ሞተሮች ቤተሰብ አላጓጓኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። በ1997 በሼቭሮሌ የስፖርት መኪና በኮርቬት የመጣው የመጀመሪያው፣ አሉሚኒየም ብሎክ ያለው 5.7 ሊትር፣ 345 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በብርድ ጠዋት ያለ ልመና ይነሣል። ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ አብዛኛውን ጊዜ እርሱን እንዲመርጥ እነግረዋለሁ። ይሁንና ወደ አራት ባር የሚጠጋ የነዳጅ ግፊት፣ ለዚያ የሚሆን ፓምፓና ሳልባትዮ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚተሳሰር የሽቦ ጥቅል ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ከብረት ጋር እንጂ ከሽቦ ጋር ብዙ አልተግባባም። በመንገድ ዳር ቆሞ ቢቀርብኝ በጠመንጃ መፍቻና በመብራት መርማሪ ልጠይቀው የምችለው ሞተር እፈልጋለሁ። ይህ የሞተሩ ድክመት ሳይሆን የእኔ ልክ ነው።

ሒሳቡን የሠራሁት በዚህ መካከል ነው። ዲያሜትሩ 71 ሴንቲሜትር የሆነ የኋላ ጎማ በአንድ ዙር 2.23 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲነዳ በደቂቃ ወደ 750 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ ጥምርታ 3.55 ቢሆንና ካምቢዮው ቀጥታ ማርሽ ላይ ቢሆን ሞተሩ በደቂቃ 2,650 ዙር አካባቢ ይሠራል፤ አምስተኛው ማርሽ 0.68 በሆነ ካምቢዮ ግን ወደ 1,800 ይወርዳል። ስለዚህ በደብተሬ ላይ ስጽፋቸውና ስሰርዛቸው የነበሩት ቁጥሮች፣ በደቂቃ አምስትና ስድስት ሺህ ዙር ላይ የሚለኩት የፈረስ ጉልበቶች፣ እኔ በምነዳበት ሰዓት ሁሉ ከሞላ ጎደል የማልደርስባቸው ነበሩ። የሚያስፈልገኝ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚጎትት ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል ነው፤ እርሱም ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ለሚጠጋ መኪና ብዙ መሆን የለበትም። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን እንደ አንድ ዕቃ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በመጨረሻ የረጋሁት በፎርዱ 302 ላይ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 101.6፣ የፒስተኑ ምት 76.2 ሚሊሜትር፣ በ1968 የመጣ፣ በኋላ ዘመን አምስት ሊትር እየተባለ የተጠራው። ብሎኩ በስስ ግድግዳ ስለተሠራ ክብደቱ 210 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከብረቱ ሼቭሮሌ በእጅጉ ይቀላል፤ ወርዱም ጠበብ ይላል። ዲስትሪቢዩተሩ ከፊት ነው፤ ስለዚህ የኋላው ቆርቆሮ ሳይነካ ይቀራል። ከ1987 ጀምሮ በሙስታንግ ላይ የነበረው ዓይነት 225 የፈረስ ጉልበትና 407 ኒውተን ሜትር ቶርክ ተሰጥቶታል፤ ለእኔ ይበቃኛል፣ ምናልባትም ይተርፈኛል። ያለ እንከን ነው ማለቴ አይደለም። የዘይት ማጣሪያው በግራ በኩል ከፊት ስለሆነ፣ የካርቶኑ ማጣሪያ በቀጥታ የመሪው ሳጥን ላይ አረፈ። ማጣሪያውን በቱቦ ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር መሥዋዕት መክፈል ግድ ሆነ፤ ከቆርቆሮው ጋር ሳነጻጽረው ግን ቀላል መሥዋዕት ነው።

ከመረጡ በኋላም ማግኘት አለ። መጀመሪያ ያየሁት ሞተር ሻጭ «ምንም እንከን የለበትም» ብሎ ማለልኝ። ካንዴላዎቹን አስወልቄ ግፊቱን ስለካው ሰባቱ ሲሊንደሮች አሥር ባር አካባቢ ሲሰጡ አንደኛው ስድስት ላይ ቆመ። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሼ ደግሜ ለካሁት፤ የፒስተኑ ፋሻዎች አልቀው ቢሆን ዘይቱ ለጊዜው ዘግቶ ግፊቱን ከፍ ያደርገው ነበር፤ ቁጥሩ ግን አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ ችግሩ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው ማለት ነው። ሻጩ ልኬቱን አይቶ፣ «መለኪያህ የተበላሸ ነው» አለኝ። በዚያው መለኪያ ሰባቱ ትክክል መሆናቸውን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

ሁለተኛው፣ የ1989ኙ፣ በስምንቱም ሲሊንደር የተቀራረበ ግፊት ሰጠ። እርሱን ከገዛሁ በኋላም ሁለት ጊዜ ከስህተት ጫፍ ተመልሻለሁ። አንድ ወዳጄ ንጹሕ ቮላኖ (ከሞተሩ ኋላ ተገጥሞ አብሮ የሚዞር ከባድ ክብ ብረት) በነጻ ሊሰጠኝ አመጣ፤ ዳር ላይ ያለውን ክብደት ሳየው ግን ከ1980ዎቹ በፊት ለተሠራው 302 የሚሆን፣ ሚዛን ለመጠበቅ የተጨመረበት ክብደት 28 አውንስ ኢንች የሆነ ሆኖ ተገኘ፤ የእኔ ሞተር የሚፈልገው 50 ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ቢገጠም ግን ሞተሩ ራሱን እስኪያፈርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛው የዲስትሪቢዩተሩ ጥርስ ነው፤ ይህ ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ሮለር ካም ሻፍት የሚባለው ዓይነት ስለሆነ የሚስማማው የአረብ ብረት (ስቲል) ጥርስ እንጂ የድሮው በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ብረት (ካስት አይረን) ጥርስ አይደለም፤ የድሮው ቢገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላ ነበር። የነዳጅ መርጫውን አውጥቼ ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡራተር ስለማስገባ፣ ግፊቱ ከግማሽ ባር የማያልፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፓ በቂ ነው።

ያው ወዳጄ ሞተሩን ሲያየው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔ እኮ ፍላትሄድ የምታስገባ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ከአራት ወር በፊት ቢሆን ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ትነሣኝ ነበር። «እኔም መስሎኝ ነበር» አልኩትና የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ እንዲይዝልኝ ጠየቅሁት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የካርቶኑን ሞተር አንሥተን እውነተኛውን በሰንሰለት ቀስ እያደረግን አወረድነው። አንድ ጊዜ ኮፓው ከመስቀለኛው ብረት ጋር ተነካክቶ ከፍ አድርገን እንደገና ጀመርን። ሲቀመጥ ከኋላ ባለው ቆርቆሮና በቴስታታው መካከል አራት ጣት ገባ፤ ከፊት በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ቀረ። ለካርቶኑ የለካሁት ሦስት ነበር። ምክንያቱን ስፈልግ የውሃ ፓምፑን መዘውር ውፍረት መርሳቴን አገኘሁት፤ ነገ ቀጭን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ለመትከል እለካለሁ።